ለሁለተኛው ገዢ ያልታሰበው ላፕቶፕ

አዲስ አበባ ውስጥ “ላፕቶፕ ገዛሁ” የሚል ሰው ብዙ ጊዜ የገዛው ሌላ ሰው ሦስት አራት ዓመት የሠራበትን ነው። ሻጩ “ስላይትሊ ዩዝድ” ይለዋል፤ “የዱባይ ነው”፣ “ከአሜሪካ የመጣ ነው” እያለም ያሞካሸዋል። ውሸት ላይሆን ይችላል። በአውሮፓና በአሜሪካ ያሉ ትልልቅ መሥሪያ ቤቶች ላፕቶፕ የሚገዙት ወይም የሚከራዩት በጅምላ ነው። የዋስትናው ዘመን ሲያልቅ ሁሉንም በአንድ ጊዜ አውጥተው በአዲስ ይተካሉ። የወጣውን ነጋዴ ይሰበስበዋል፤ ተወልውሎና ተመርጦ ወደ እኛ ይመጣል። የሱቆቻችን መደርደሪያ በማስታወቂያ ከምናያቸው አብረቅራቂ ማሽኖች ይልቅ በሌኖቮ ቲንክፓድ፣ በዴል ላቲቲዩድና በኤችፒ ኤሊትቡክ የተሞላው ለዚህ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ደግሞ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። አዲስ ዕቃ ያምረው የነበረ ሰው ሳይቀር ዓይኑን ወደ ዩዝዱ አዞረ።

ስለ ኮምፒዩተር በየዩቲዩቡ የምንሰማው አስተያየት ግን የሚነገረው ለመጀመሪያው ገዢ ነው። ገምጋሚው ዕቃውን ከካርቶኑ አውጥቶ ቅጥነቱን ያደንቃል፣ በሁለት ጣቱ አንሥቶ ቅለቱን ያሳየናል፣ ስለ ስክሪኑ ድምቀት ይናገራል፤ ከዚያ ፍርዱን ሰጥቶ ወደሚቀጥለው ያልፋል። የእኛ ጥያቄ የሚነሣው በአራተኛው ዓመት ነው። ባትሪው ይቀየራል ወይ? ራም ይጨመርበታል? የኪቦርዱ አንድ ቁልፍ ቢነቀል መለዋወጫ ይገኝለታል? አዲሱን ዊንዶውስ ይቀበላል? በእኔ እምነት ያለፉት 15 ዓመታት የላፕቶፕ ዲዛይን የመጀመሪያዎቹን ሦስት ዓመታት እያሳመረ ወጪውን ወደ ኋለኞቹ ዓመታት ሲገፋ የኖረ ነው። እኛ ደግሞ ሁሌም የምንደርሰው በኋለኞቹ ዓመታት ላይ ነው።

ነገሩ ከጥንቱ እንዲህ አልነበረም። አይቢኤም የመጀመሪያውን ታዋቂ ቲንክፓድ፣ 700ሲ የተባለውን፣ በ1992 ሲያወጣ (ከዚህ በኋላ ካልተገለጸ በቀር ዓመቶቹ በፈረንጆቹ ናቸው) የዲዛይኑ ኃላፊ ሚላን ይኖር የነበረው ጀርመናዊው ሪቻርድ ሳፐር ነበር። ሳፐር በአእምሮው የያዘው የጃፓኖችን የምሳ ዕቃ ነው፦ ከውጭ ጌጥ የሌለው ጥቁር ሣጥን፣ ሲከፈት ግን ነገሩ ሁሉ በየቦታው የተሰደረበት። በኪቦርዱ መሀል የተተከለችው ቀይ ነጥብ እስከ ዛሬ የቲንክፓድ መለያ ናት። ሌኖቮ ምርቱን በ2005 ከአይቢኤም ከገዛ በኋላም መልኩ ብዙ አልተለወጠም። ሰው የማያስተውለው፣ እኔ ግን ከቅርጹ ይልቅ የማደንቅለት ሌላ ነገር አለው። ኩባንያው ለእያንዳንዱ ሞዴል የጥገና መመሪያ አዘጋጅቶ ለማንም ክፍት አድርጎ ያስቀምጣል፤ የትኛው ብሎን ቀድሞ እንደሚፈታ፣ ርዝመቱ ስንት እንደሆነ፣ ክፍሎቹ በምን ተራ እንደሚወጡ በሥዕል ያሳያል። መመሪያው የተጻፈው ለድርጅቶች ቴክኒሻኖች ነው። ጥቅሙ ግን ከዓመታት በኋላ መገናኛ አንዲት ጠባብ ሱቅ ውስጥ ካቻቢቴ ይዞ ለተቀመጠው ልጅም ደረሰ።

ነፋሱ የተለወጠው በጥር 2008 ነው። ስቲቭ ጆብስ ሳን ፍራንሲስኮ መድረክ ላይ ቆሞ ከአንድ የቢሮ ፖስታ ውስጥ ማክቡክ ኤርን መዝዞ ሲያወጣ አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። እጅግ ቀጭን ነበር። ራሙ ግን ማዘርቦርዱ ላይ የተበየደ፣ የዩኤስቢ ቀዳዳው አንድ ብቻ፣ ባትሪው ደግሞ እንደ ቀድሞው ከውጭ ተከፍቶ የማይወጣ ነበር። በ2012 የመጣው ሬቲና ማክቡክ ፕሮ ከዚህ አንድ እርምጃ አለፈ፤ ባትሪው ከገላው ጋር በሙጫ ተለጠፈ። ዕቃ እየፈታ ለጥገና ያለውን አመቺነት የሚመዝነው አይፊክስት የተባለ የካሊፎርኒያ ድርጅት 1 ከ10 ሰጠው። ገበያው ግን ቅጥነቱን ወደደው፤ ሌሎቹ አምራቾችም ተከተሉ። ላዩ ያማረ፣ ውስጡን ለቄስ የሆነ ዕቃ የዘመኑ ደንብ ሆነ።

ቅጥነት በራሱ ግብ ሲሆን ምን እንደሚያስከትል የሚያሳየው የ2015ቱ “ቢራቢሮ” ኪቦርድ ነው። አፕል ማሽኑን የበለጠ ለማሳነስ ሲል ከቁልፎቹ ሥር ያለውን አሠራር ለወጠው፤ ቁልፉ ሲጫኑት የሚወርደው እጅግ ጥቂት ሆነ። ያ ኪቦርድ ከብናኝ ጋር አልተስማማም። አንዲት ቅንጣት ከሥሩ ከገባች ቁልፉ ወይ አልጫንም ይላል፣ ወይ አንድ ጊዜ ተጭነውት ሁለት ፊደል ይጽፋል። ጥገናው ደግሞ ከበሽታው ይብሳል፤ ኪቦርዱ ከላይኛው ገላ ጋር፣ ገላው ከባትሪው ጋር አንድ ላይ ስለሆኑ በአንድ ቁልፍ የተነሣ ሁሉም አብሮ ይቀየራል። አፕል በ2018 ነጻ የጥገና ፕሮግራም ከፈተ፣ በ2019 መጨረሻ ወደ ቀድሞው ዓይነት ቁልፍ መመለስ ጀመረ፣ በ2022 ደግሞ የተከሰሰበትን ጉዳይ በ50 ሚሊዮን ዶላር ለመዝጋት ተስማማ። ካሳው ለአሜሪካ ገዢዎች ነው። በዚያ መሀል ስንቱ ማሽን በሁለተኛ እጅ ተሽጦ ከነበሽታው ባሕር ተሻግሯል። ዛሬም በየሱቁ “ማክ በቅናሽ” ተብሎ የሚቀርበው ከ2015 እስከ 2019 የተሠራና ይህ ኪቦርድ ያለበት ከሆነ የመስኮት አቧራ በቀን ሁለቴ ለሚወለወልበት ከተማ አይሆንም ባይ ነኝ።

የቀዳዳውም ነገር እንደዚሁ ነው። በ2016 ማክቡክ ፕሮ ከጆሮ ማዳመጫው በቀር ሁሉንም ቀዳዳ በዩኤስቢ ሲ ተካ፤ ፍላሽ ለመሰካት፣ ፕሮጀክተር ለማገናኘት፣ የካሜራ ካርድ ለማንበብ ሰው የዶንግል ዘለላ ተሸክሞ መዞር ጀመረ። በ2021 ኤችዲኤምአዩም፣ የካርድ ማስገቢያውም፣ በማግኔት የሚጣበቀው ቻርጀርም ተመለሱ፤ ማሽኑም ትንሽ ከበደ። በክብደቱ ከመጀመሪያው ገዢ የሰማሁት ቅሬታ የለም። ሰው ለአምስት ዓመት የታገሠው ነገር ለካ አስፈላጊ አልነበረም።

ይህን ሁሉ በአንድ የዕቃ ቤተሰብ ላይ ማየት ለሚፈልግ ሦስት ቲንክፓዶችን ጎን ለጎን ያስቀምጥ፦ ቲ470፣ ቲ480 እና ቲ490። ሦስቱም ዩዝድ ገበያው ላይ ሞልተዋል። የ2017ቱና የ2018ቱ ሲታዩ መንትዮች ናቸው፤ ሞዴሉን ካላነበቡ አይለዩም። ቲ480ን ገልብጠው ቢያዩት ከኋላው ሁለት መግፊያዎች አሉት፤ እነሱን ሲገፉ ባትሪው በእጅ ይወጣል። ውስጥ ሌላ ትንሽ ባትሪ ስላለ የውጭውን አውጥተው ሌላ ሲያስገቡ ኮምፒዩተሩ አይጠፋም፤ የሚጽፉትን መጻፍ ይቀጥላሉ። መብራት በፈለገው ሰዓት በሚሄድበት አገር የዚህ ትርጉሙ ማብራሪያ አይሻም። ትልቁ የውጭ ባትሪ 72 ዋት ሰዓት የሚይዝ ነው። የታችኛው ክዳን ብሎኖቹ ሲላሉ ከክዳኑ ጋር ተንጠልጥለው ይቀራሉ እንጂ ወለል ላይ ወድቀው አይጠፉም። ክዳኑ ሲነሣ ሁለት የራም ቦታዎች ይታያሉ። በግራና በቀኝ ያሉትን ትንንሽ ቆንጣጮች በጥፍር ገፋ ሲያደርጓቸው ራሙ ብድግ ይላል፤ አዲሱን አዘንብለው አስገብተው ወደ ታች ሲጫኑት “ቀጭ” ብሎ ይቀመጣል። ሥራው አሥር ደቂቃ አይፈጅም። 8 ጂቢ የነበረው 16 ወይም 32 ይሆናል፤ ያንቀላፋ የነበረው ማሽን እንደገና ሥራ ያነሣል።

ቲ490 በ2019 ሲመጣ ቀጠነ። የውጭው ባትሪ ቀረ፣ ከሁለቱ የራም ቦታዎች አንዱ ተዘግቶ በምትኩ የተበየደ ራም ሆነ። መጥፎ ማሽን ነው ማለት አልችልም፤ ግን ለመጀመሪያው ገዢ ክብደቱን በጥቂቱ ለማቅለል ሲባል ከሁለተኛው ገዢ የተወሰደውን ማየት ቀላል ነው። ቢሮው ውስጥ ሶኬት ለማያጣው የኩባንያ ሠራተኛ የሚወጣ ባትሪ ትዝም አይለው። ለእኛ ግን የዕቃው ግማሽ ዋጋ እሱ ነበር። የቲ480 ስም በዩዝድ ገበያው እስከ ዛሬ የሚነሣውም በከንቱ አይደለም።

ለተቃራኒው ወገንም ፍርድ መስጠት ይገባል። አፕል በ2020 መጨረሻ ኤም1 የተባለውን የራሱን ቺፕ ሲያወጣ ራሙን ከቺፑ ጋር በአንድ እሽግ ውስጥ አደረገው። እንዲህ ሲሆን መረጃው የሚጓዘው መንገድ ያጥራል፣ ፍጥነቱ ይጨምራል፣ የሚበላው ኤሌክትሪክ ይቀንሳል። ውጤቱን ማንም በዓይኑ አይቷል፤ ማክቡክ ኤር ኤም1 ማራገቢያ እንኳ የለውም፣ ቀኑን ሙሉ ያለ ቻርጀር ያሠራል። መብራት በሄደ ቁጥር ሥራው ለሚቆም ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው። ማራገቢያ የሌለው ማሽን አቧራ እየሳበ ውስጡን አያጭቅም፤ ይህም ለእኛ ከተማ ሌላ ጸጋ ነው። ስለዚህ የተበየደ ራም ምክንያት አለው፤ ቅር እያለኝም ቢሆን እቀበለዋለሁ። የማልቀበለው ዋጋውን ነው። ራሙ ከተበየደ በኋላ የሚጨምርልዎ አምራቹ ብቻ ነው፣ ያውም በግዢው ቀን ብቻ፤ አፕልም ለዓመታት ከ8 ወደ 16 ጂቢ ለማሳደግ 200 ዶላር ሲያስከፍል ኖረ። በጥቅምት 2024 በማክቡክ ኤር መነሻውን 16 ጂቢ ሲያደርግ ዋጋውን አልጨመረም። እንግዲህ ያ 200 ዶላር የምን ዋጋ ነበር?

የተበየደ ኤስኤስዲ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ተራ ላፕቶፕ ቢሞት፣ ቴክኒሻኑ ዲስኩን ነቅሎ በትንሽ ማቀፊያ ውስጥ ያስገባውና በሌላ ኮምፒዩተር ይከፍተዋል፤ የመመረቂያ ጽሑፉ፣ የሠርጉ ፎቶ፣ የሱቁ ሒሳብ ይተርፋል። ማስቀመጫው ማዘርቦርዱ ላይ ከተበየደና ከተመሰጠረ ግን ማዘርቦርዱ ሲሞት ሁሉም አብሮ ይቀበራል። “ባካፕ ያዙ” ይሉናል። ምክሩ ትክክል ነው፤ ፈጣን ኢንተርኔት ላለውና በየወሩ የክላውድ ክፍያ በዶላር ለሚችል ሰው የተነገረ መሆኑ ነው እንጂ።

በሙጫ የተለጠፈ ባትሪ ግን ምንም ምክንያት የለውም። የሊቲየም ባትሪ በተሞላና ባለቀ ቁጥር የሚያረጅ ነው፤ አምራቾቹ ራሳቸው ስንት ጊዜ ቢሞላ አቅሙ ወደ 80 በመቶ እንደሚወርድ በሰነዳቸው ላይ ይጽፋሉ። ከማሽኑ ቀድሞ እንደሚሞት አስቀድሞ የታወቀን ዕቃ ከማሽኑ ጋር መለጠፍ ክሩ የማይቀየር ፋኖስ እንደ መሸጥ ነው። ሙጫውን ለማስለቀቅ ሙቀትና ብልሃት ያስፈልጋል፤ በጉልበት የተላቀቀ ባትሪ ደግሞ ከተጣመመ ወይም ከተበሳ እሳት ሊያነሣ ይችላል። አንድ ሁለት ብሎን ይህን ሁሉ ያስቀር ነበር።

ሶፍትዌሩ ደግሞ የብረቱን ያህል፣ አንዳንዴም የበለጠ፣ ዕቃን ያስረጃል። ማይክሮሶፍት የዊንዶውስ 10ን ነጻ የደኅንነት ማሻሻያ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ በፈረንጆቹ 14 ኦክቶበር 2025፣ አቆመ። ተተኪው ዊንዶውስ 11 የምስጢር ቁልፎችን የሚጠብቅ ቲፒኤም 2.0 የተባለ ቺፕ ይጠይቃል፤ ከዚያ በላይ ደግሞ የተፈቀዱ ፕሮሰሰሮች ዝርዝር አለው። ለኢንቴል ዝርዝሩ በጥቅሉ የሚጀምረው ከስምንተኛው ትውልድ ነው። እነዚያ መንትዮች፣ ቲ470ና ቲ480፣ የሚለያዩት እዚህ ላይ ነው። ቲ480 ስምንተኛ ትውልድ ስለሆነ ያልፋል፤ ቲ470 ስድስተኛ ወይም ሰባተኛ ስለሆነ ይቀራል። የቲ470 ኪቦርድ አልተበላሸም፣ ስክሪኑ አልደበዘዘም፣ ራም ቢጨመርለት ለጽሕፈት፣ ለሒሳብና ለኢንተርኔት የሚያንሰው ነገር የለም። አንድ ዓመት ቀድሞ መወለዱ ብቻ ነው ጥፋቱ።

ደንቡ የቴክኒክ ግዴታ ብቻ ነው እንዳይባል አንድ ነገር አለ። ማይክሮሶፍት በ2021 ዝርዝሩን ሲያሻሽል ከሰባተኛው ትውልድ አንድ የላፕቶፕ ፕሮሰሰር በልዩ ሁኔታ አስገባ፤ ኮር አይ7-7820ኤችኪው ይባላል። ይህ ፕሮሰሰር ከሚገኝባቸው ማሽኖች አንዱ ሰርፌስ ስቱዲዮ 2 የተባለው፣ ማይክሮሶፍት ራሱ የሠራውና በዚያን ጊዜ ገና በሺዎች ዶላር ይሸጥ የነበረው ኮምፒዩተር ነው። ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ።

በዊንዶውስ 10 ላይ ለተቀሩት የአንድ ዓመት ተጨማሪ ማሻሻያ ተዘጋጀ። በአውሮፓ የኢኮኖሚ ቀጣና ላሉ በነጻ፤ ለሌላው ዓለም ደግሞ 30 ዶላር መክፈል ወይም የኮምፒዩተሩን ሴቲንግ ከማይክሮሶፍት አካውንት ጋር ማመሳሰል ይጠበቅበታል። ይህ እንግዲህ ትክክለኛ ፈቃድ ላለው ዊንዶውስ ነው፤ በየሱቁ “ፎርማት” ተደርጎ በክራክ ለሚሠራው ማሽን ጉዳዩ መጀመሪያም አይነሣም። ቴክኒሻኖቻችን ማጣሪያውን አልፈው ዊንዶውስ 11ን በማይፈቀድለት ማሽን ላይ መጫን ይችሉበታል። ይሠራልም። ነገር ግን ማይክሮሶፍት ለእንዲህ ያለው ማሽን ማሻሻያ የመስጠት ግዴታ የለብኝም ስላለ ባለቤቱ በይሉኝታ እንጂ በመብት የሚኖር አይደለም። በዚያ ላይ አዲሱ ዊንዶውስ ሲጫን ኢንተርኔት ካልተገናኘና የማይክሮሶፍት አካውንት ካልተከፈተ አላልፍም ይላል። ኔትወርክ በሌለበት የወረዳ ከተማ ያለ መምህር የገዛውን ዕቃ ለመክፈት ከሩቅ አገር ሰርቨር ፈቃድ መጠበቅ አለበት ማለት ነው። መዝለያ መንገዶች ነበሩ፤ ኩባንያው አንድ በአንድ እየዘጋቸው ነው።

ሊኑክስስ? የሚል አንባቢ አይጠፋም። ልክ ነው፤ ሊኑክስ ሚንት ቲ470 ላይ ሲጫን ማሽኑ እፎይ የሚል ይመስላል፣ የአማርኛ ኪቦርድም አብሮት አለ። ነገር ግን አብዛኛው ጽሕፈት ቤትና ማተሚያ ቤት ፓወር ግዕዝን፣ የሒሳብ ባለሙያው ፒችትሪን የለመደ ነው፤ እነዚህ የተሠሩት ለዊንዶውስ ነው። ለተማሪና ለቤት ግን ከማይታደስ ዊንዶውስ ይልቅ ሊኑክስን እመርጣለሁ።

ታዲያ አምራቾቹ ሰው አይሰሙም? ይሰማሉ። ሌኖቮ በ2013 ከቀይዋ ነጥብ ጋር የሚሠሩትን የመዳፊት ቁልፎች ከቲ440 ላይ ሲያጠፋ ደንበኞቹ ጮኹ፤ በ2015 ቲ450 ላይ መለሳቸው። ማይክሮሶፍት በ2012 ከዊንዶውስ 8 ላይ ስታርት ሜኑን ሲያነሣ ዓለም አጉረመረመ፤ በ2015 በዊንዶውስ 10 ተመለሰ። ሁለቱም ጩኸት ግን የመጣው ከመጀመሪያው ገዢ ነው። ሁለተኛው ገዢ ከፋም ለማም ለአምራቹ አንዲት ሳንቲም አልከፈለም፤ ቅሬታውን የሚቀበል ጠረጴዛም የለም።

አንድ ስውር መስመር ግን አለ። ላፕቶፕ በጅምላ የሚያከራዩ ኩባንያዎች ኪራዩን የሚተምኑት ዕቃው ከሦስት ዓመት በኋላ በስንት እንደሚሸጥ ገምተው ነው። የማይጠገን ዕቃ በዩዝድ ገበያው ሲረክስ፣ ኪራዩ ለመጀመሪያው ተጠቃሚም ይወደዳል። አዲስ አበባ ላይ ገዢው “ይህን ሞዴል አልፈልግም” ሲል ድምፁ በዱባይ ነጋዴ በኩል ዞሮ ዞሮ ወደዚያ ሒሳብ ይገባል። ድምፁ ቀጭን ነው፣ ግን አለ።

የበለጠ ያገዘን የአውሮፓ ሕግ ነው። ፈረንሳይ ከ2021 ጀምሮ ላፕቶፕ ሲሸጥ ለጥገና ያለው አመቺነት ከ10 ተመዝኖ ከዋጋው ጎን እንዲጻፍ አስገደደች። የአውሮፓ ኅብረት ለስልኮች ከ2024 መጨረሻ፣ ለላፕቶፖች ደግሞ ከሚያዝያ 2026 ጀምሮ ዩኤስቢ ሲ የጋራ ቻርጀር እንዲሆን ደነገገ፤ ከየካቲት 2027 ጀምሮም የተንቀሳቃሽ ዕቃዎች ባትሪ ተጠቃሚው ራሱ ሊያወጣው የሚችል እንዲሆን የሚያዝ ሕግ አለው። ለአውሮፓ የተሠራው ዕቃ ከዓመታት በኋላ እኛ ዘንድ መምጣቱ ስለማይቀር በብራስልስ የጸደቀው ሕግ ለእኛም ይተርፋል። ፍሬምወርክ የተባለ የአሜሪካ ኩባንያ ደግሞ ከ2021 ጀምሮ ባትሪው፣ ኪቦርዱ፣ ቀዳዳዎቹ፣ ማዘርቦርዱ ጭምር በተጠቃሚው የሚቀየር ላፕቶፕ እየሸጠ ነው፤ ካቻቢቴው ከዕቃው ጋር በካርቶኑ ውስጥ ይመጣል። ማሽኑ ወፍራም አይደለም። “ቀጭን ከሆነ አይጠገንም” የሚለውን ሰበብ ከዚህ በኋላ የሚያነሣ አምራች ያፍር ይሆናል። ሌኖቮም የ2024ቱን ቲ14 ከአይፊክስት ጋር ተማክሮ ሠርቶ 9 ከ10 አግኝቷል። ይህ ማሽን ሱቆቻችን ላይ የሚደርሰው ከወጣ ከሦስት አራት ዓመት በኋላ ነው፤ ያኔ ስሙን ያስታውሱት።

እስከዚያው ገበያ የሚወጣ ሰው “ኮር አይ ስንት ነው?” ብሎ ብቻ አይመለስ። ሻጭ “አይ7 ነው” ሲል ትውልዱን አይናገርም። ከሰረዙ ቀጥሎ ያለው ቁጥር ነው የሚነግርዎ፤ አይ7-6600ዩ ስድስተኛ ትውልድ ሲሆን አይ5-8250ዩ ስምንተኛ ነው። የመጀመሪያው ሁለት ኮር፣ ሁለተኛው አራት ኮር አለው፤ በስም የሚያንሰው በሥራ ይበልጣል፣ ዊንዶውስ 11ንም ይቀበላል። ማክ ከሆነ የቀድሞው ባለቤት አካውንት መውጣቱን፣ የኩባንያ ቁጥጥርም እንደሌለበት እዚያው ከኢንተርኔት ጋር አገናኝተው እንዲያሳዩዎ ይጠይቁ፤ ያልተለቀቀ ማክ ጌጥ ከመሆን አያልፍም። ዊንዶውስ ከሆነ ባዮሱ በፓስዎርድ አለመቆለፉን ይዩ፣ ዊንዶውስ ራሱ የሚያወጣውን የባትሪ ሪፖርት አስከፍተው ሲመረት የነበረውን አቅምና አሁን የሚይዘውን ያወዳድሩ፤ ባትሪው ከግማሽ በታች ከወረደ የአዲሱን ባትሪ ዋጋ ከሒሳቡ ያስቀንሱ። በመጨረሻም ሻጩ ክዳኑን ፈትቶ ራሙንና ዲስኩን እንዲያሳይዎ ይጠይቁት። አንድ ካቻቢቴና አምስት ደቂቃ ይበቃዋል። “አይከፈትም” ካለዎ ወይም “ዋስትናው ይፈርሳል” ካለዎ ገንዘብዎን ይዘው ወደሚቀጥለው ሱቅ ይሂዱ፤ የሚከፍት ሻጭ አያጡም።